ሕፃናትን ስለ ምግብ ስናስተምር ከገዛ መሶባቸው እንጀምር

ለተማሪዎች ወላጆች፥ ለመምህራንና ለመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች የተደረገ ንግግር



ዛሬ እንድናገር የታዘዝሁት ለአንደኛ ደረጃ ተማሪዎች ስለሚሰጠው የጤናማ አመጋገብ ትምህርት ነው። ነገሩ ቀላል ይመስላል። ለልጁ የሚበጀውን ምግብ የማያውቅ ወላጅ የለም የሚል ሰው ይኖራል፤ መሶቡ ለጎደለበት ሰው ስለ አመጋገብ መስበክ ነውር ነው የሚልም አይጠፋም። ሁለቱም አነጋገሮች እውነትነት አላቸው። ነገር ግን ትምህርቱ በየክፍሉ እየተሰጠ ነውና ልንመረምረው የሚገባን እንዴት እንደሚሰጥ ነው። ከዚህም ጋር ለአስተዳደሩ ውሳኔ የቀረበ አንድ ጉዳይ አለ፤ ይኸውም በትምህርት ቤቶች በር ላይ ተቀምጠው የሚሸጡት ሴቶች ይነሡ ወይስ ይቆዩ የሚለው ነው። ስለዚህም ነገር በግልጽ እናገራለሁ።

በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከአምስት ዓመት በታች ከሆኑት ሕፃናት ከመቶው 38ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው ከሚገባው አጥሮ ተገኝቷል። በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አነስተኛ ጥናትም ቍጥሩ 37 ነበር። መንግሥት ይህን መቀንጨር እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ለማስቀረት በ2015 እ.ኤ.አ. የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለውን መግባቱ ይታወሳል። እንግዲህ ከጥቂት ዓመት በኋላ ደብተሩን ይዞ አንደኛ ክፍል የሚገባው ያው ሕፃን ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የቀረበትን ዕድገት ትምህርት ቤቱ ሊመልስለት አይችልም። የዛሬ ጤንነቱን፥ በክፍል ውስጥ ንቁ ሆኖ መቀመጡን፥ ነገም እናት ወይም አባት ሲሆን ለልጁ የሚያቀርበውን ምግብ በሚመለከት ግን ትምህርት ቤቱ ብዙ ሊሠራ ይችላል።

እኔ በተማርሁበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ የምግብ ዓይነቶችን የሚያሳይ ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ ነበር። በሥዕሉ ላይ ፖም፥ ፎርማጆ፥ ዓሣ፥ በብርጭቆ የተቀዳ ወተትና ነጭ ዳቦ ይታዩ ነበር። ስማቸውን በእንግሊዝኛ በቃላችን አጥንተናል፤ ከነዚያ ሁሉ ብዙዎቻችን ዘወትር የምናገኘው ዳቦውን ብቻ ነበር። ሽሮ በሥዕሉ ላይ አልነበረም። ባቄላም፥ ጎመንም፥ የገብስ እንጀራም አልነበሩም። ሥዕሉን የሰቀሉት ሰዎች ክፉ አላሰቡም፤ ነገር ግን አንድ የሰባት ዓመት ልጅ እንዲህ ያለውን ሥዕል በየቀኑ ሲያይ ቤቱ የሚበላው ነገር ከምግብ የማይቈጠር ይመስለዋል።

ይህ ስሜት ዛሬም አለ። በምሳ ሰዓት አንድ የትምህርት ቤት ቅጥር ግቢ ገብታችሁ ተመልከቱ። ሩዝ ወይም መኮረኒ የያዘው ልጅ ምሳ ዕቃውን በሰው መካከል ይከፍታል፤ ሽሮ ፍትፍት ወይም ቂጣ የያዘው ግን ክዳኑን ግማሽ ከፍቶ በእጁ ከልሎ ይበላል፤ አንዳንዱም ሳይበላ ይመልሰዋል። እናቲቱም ልጇ እንዳያፍር ስትል ከማታው ወጥ ይልቅ ለብስኩት የሚሆን ገንዘብ ትሰጠዋለች። በዚህ መንገድ የተሻለው ምግብ እቤት ቀርቶ ያነሰው ወደ ትምህርት ቤት ይመጣል።

ስለዚህ መምህሩ ትምህርቱን ከመሶቡ ይጀምር እላለሁ። እንጀራና ሽሮ አብረው መቅረባቸው የልማድ ነገር ብቻ አይደለም። በእህል ውስጥ ያለው ፕሮቲን የሚጐድለውን የባቄላ፥ የአተር፥ የሽምብራና የምስር ፕሮቲን ይሞላለታል። ሊጡ መቡካቱም በእህሉ ውስጥ ያለው የብረት ማዕድን ለሰውነት እንዲቀርብ ይረዳል። ጤፍ በብረትና በካልሲየም የታወቀ እህል ነው። ከዚያው ማዕድ ላይ ቃርያ ወይም ቲማቲም ሲጨመር፥ ወይም ሎሚ ጠብ ሲደረግበት፥ ሰውነት ብረቱን አብልጦ ይወስዳል፤ ሻይ ከምግቡ ጋር ሲጠጣ ግን ይህ ይቀንሳል። ሻዩ ምግቡ ካለፈ በኋላ ቢቈይ ምንም ወጪ የለበትም። ጎመን፥ ካሮትና ዱባ ዳፍንት ከሚባለው የዓይን ሕመም ይጠብቃሉ፤ በጥቂት ዘይት ሲሠሩም ጥቅማቸው ይበልጣል። እኛ ደገኞች ብንሆንም ከደብረ ሲና ቁልቁል ወርደን ሸዋ ሮቢት ስንደርስ ቲማቲሙ፥ ሽንኩርቱና ማሾው የሚመረትበት አገር ነው፤ ወደ ገበያችንም ይወጣል። ልጆቻችን የፖምን ሥዕል ከማወቃቸው በፊት ይህን ቢያውቁ ይሻላል።

የጨው ነገር ደግሞ አለ። በደጋው አገር አፈሩ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት የቆየ በሽታችን ነው። ለሰው የሚቀርበው ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በ2011 እ.ኤ.አ. ደንብ ወጥቷል፤ ይሁንና አዮዲኑ በፀሐይ፥ በእርጥበትና በእሳት ይጠፋል። ጨው በተከደነ ዕቃ ይቀመጥ፥ ወጡም ሊወርድ ሲል ይጨመር የሚለውን ቃል አንድ የሁለተኛ ክፍል ልጅ ለእናቱ ይዞላት ሊሄድ ይችላል። እንዲህ ያለውን ትንሽና የሚሠራ ነገር ብናስተምር ከሃያ የቪታሚን ስሞች ይልቅ ይጠቅማል።

ጾምን በሚመለከት መምህራንን አደራ የምለው አለኝ። የጾም ምግብ ደካማ ነው እያሉ ልጁን ከቤተ ሰቡ ጋር ማጋጨት ተገቢም እውነትም አይደለም፤ ከላይ የቈጠርኋቸው አብዛኞቹ የጾም ምግቦች ናቸው። ነገር ግን ቪታሚን ቢ12 የሚባለው ከእንስሳት ከሚገኝ ምግብ በቀር በተፈጥሮ ስለማይገኝ፥ በፍስኩ ቀን በቤቱ ውስጥ ያለው እንቁላልና ወተት በመጀመሪያ ለልጆች እንዲደርስ ወላጆችን ማሳሰብ ይገባል። እንቁላሉ ሁሉ ወደ ገበያ የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው። ችግሩ ይገባኛል፤ ቢያንስ ከአሥሩ ሁለቱ ይቅሩ።

አሁን ወደ ክፍሉ ልመለስ። «ዛሬ ቁርስ ምን በላችሁ?» ብሎ ተማሪዎችን አንድ በአንድ እያስነሡ መጠየቅ በብዙ መምህራን ዘንድ የተለመደ ነው። ይህ ልማድ ቢቀር ደስ ይለኛል። ምንም ሳይበላ የመጣው ልጅ በዚያን ጊዜ ሁለት መንገድ ብቻ አለው፤ ወይ ይዋሻል፥ ወይ በጓደኞቹ ፊት ያፍራል። ብዙውን ጊዜም ይዋሻል፤ «እንቁላልና ወተት» ይላል፤ መምህሩም «ጐበዝ!» ይለዋል። ስለ ጤናማ ምግብ የተሰጠው ትምህርት ውሸትን አስተማረው ማለት ነው። ከዚህ ይልቅ «በገበያችን ምን ምን አያችሁ?» ወይም «በዚህ ወር በጓሮ የሚበቅለው ምንድን ነው?» ተብሎ ቢጠየቅ የድኃውም ልጅ የሀብታሙም ልጅ እኩል ይመልሳል። እንዲያውም የአርሶ አደሩ ልጅ ይበልጣል። የተራበውን ልጅ መለየት ካስፈለገ፥ ማስፈለጉም አይቀርም፥ መምህሩ በጸጥታ ለብቻው ይጠይቀው፤ ወሬውም ከርእሰ መምህሩ አይለፍ።

የትምህርት ቤት ጓሮም ጥሩ መምህር ነው። ልጅ ራሱ ያጠጣውን ቆስጣና ካሮት ለመቅመስ ይጓጓል። ለዚህ ሰፊ መሬት አያስፈልግም፤ ውኃ የሚያገኝ ጥቂት መደብ ይበቃል።

የበሩ ጉዳይ ከሁሉ የከበደ ነው። ልጁ በክፍል ውስጥ ስኳር ጥርስን እንደሚጐዳ ተምሮ ሲወጣ በሩ ላይ ከረሜላ፥ ብስኩት፥ ቺፕስና ቀለም የገባበት ጀላቲ ይጠብቁታል። አንድ ትንሽ ጠርሙስ ለስላሳ መጠጥ ብቻውን 30 ግራም ያህል ስኳር ይይዛል፤ ይህም በሻይ ማንኪያ ሰባት ወይም ስምንት መሆኑ ነው። ስለዚህ ሻጮቹ ይባረሩ የሚለው ሐሳብ ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ። አልስማማበትም።

ባለፈው ወር ከአንዲት ሻጭ እናት ጋር ተነጋግሬ ነበር። ቀድሞ ቆሎና የተቀቀለ እንቁላል ትሸጥ እንደ ነበር ነገረችኝ። ለምን እንደ ተወች ስጠይቃት፥ «ልጄ፥ እንቁላሉ ካልተሸጠ ያድራል፤ ያደረውን ማን ይገዛኛል? ብስኩቱ ግን ወርም ይቀመጣል፤ ባለ ሱቁም ሸጠሽ ክፈይ ብሎ በዱቤ ይሰጠኛል። ለእንቁላል ዱቤ የሚሰጥ የለም» አለችኝ። ነገሩ ሁሉ በዚህ ቃል ውስጥ አለ። ሴትዮዋ ብስኩትን የመረጠችው ልጆችን ለመጕዳት ብላ ሳይሆን ኪሳራውን መሸከም ስላልቻለች ነው። ብናባርራትም ብስኩቷን ይዛ ማንም ወደማያያት ማዕዘን ትዞራለች፤ ልጆቹም አስፋልት ተሻግረው ይከተሏታል። የእርስዋ ልጆች ደግሞ እነማን እንደ ሆኑ እናስብ፤ በዚያው ትምህርት ቤት የሚማሩ ናቸው።

እኔ የማቀርበው ሐሳብ እንዲህ ነው። ቆሎ፥ ንፍሮ፥ የተቀቀለ እንቁላልና ድንች፥ ሙዝና ብርቱካን ለመሸጥ ለሚስማሙት ከቅጥሩ አጠገብ ጥላና የእጅ መታጠቢያ ውኃ ያለው ቦታ ይሰጣቸው፤ የቦታ ኪራይም ለጊዜው አይጠየቁ። አንድ የቁጠባና ብድር ማኅበር ለመጀመሪያው ወር መግዣ ቢያበድራቸው የባለ ሱቁን ዱቤ ይተካላቸዋል። ርእሰ መምህሩም የሚሸጠው ምግብ መከደኑንና ንጹሕ መሆኑን ይመልከት፤ በተለይ ለውዝ የሻገተ እንዳይሆን፥ በሻጋታው የሚፈጠረው አፍላቶክሲን ጕበትን የሚጐዳ መርዝ ነውና። ከረሜላና ጀላቲ በዚያ ቦታ አይሸጡ። እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ፤ በበዓልና በሽልማት ቀን ለተማሪዎች ለስላሳና ብስኩት የሚያድሉት መሥሪያ ቤቶቻችን ናቸው። ሻጮቹን ከመገሠጻችን በፊት ይህ ልማድ ቢቆም ንግግራችን ይሰማል።

ይህ ሁሉ ቁርስ ሳይበላ የሚመጣውን ልጅ እንደማያጠግበው አውቃለሁ። ለእርሱ የሚያስፈልገው ምግብ እንጂ ስለ ምግብ የሚሰጥ ትምህርት አይደለም፤ ስለ ትምህርት ቤት ምገባም በጀት ሲያዝ የሚናገሩ ሌሎች አሉ። በበጀቱ ላይ ስትነጋገሩ ግን የሚቀርበው ቁርስ ከዚሁ አገር እህልና ጥራጥሬ ይሁን፤ ልጁ በክፍል የተማረውን በሳህኑ ላይ ያገኘዋል።

ስለ ሻጮቹ የሚሰጠው ውሳኔ በሚመጣው ስብሰባ የሚታይ መሆኑን ሰምቻለሁ። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ትምህርት ቤት በበሩ ላይ ስንት ሴቶች እንደሚሸጡና ምን እንደሚሸጡ መዝግቦ ለአስተዳደሩ ያቅርብ። ሴቶቹም ተጠርተው ይምጡ፤ የሚናገሩት አላቸውና በአዳራሹ ውስጥ መቀመጫ ይያዝላቸው።