የሰማዩ ቀለበትና ከሥሩ ያለው መንደር
(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ተንቀሳቃሽ ሥዕል የመሐንዲሶች ጉባኤ መነጋገሪያ ሊሆን አይገባውም የሚል ቢኖር አያስደንቅም። ሆኖም ስለ ወደፊቱ ዓለም የሚተርክ ፊልም ከመሐንዲሱ ሥራ ብዙ የራቀ አይደለም፤ ከተማውን፣ ፋብሪካውንና ማሽኑን በምናብ ሠርቶ «ይህ ሁሉ የተሠራው ለማን ነው?» ብሎ ይጠይቃልና። በቅርብ ዘመን ይህን ጥያቄ በጉልህ ካነሡት ሥራዎች አንዱ እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ የቀረበው «ኤሊዝየም» የተባለው የአሜሪካ ፊልም ነው። ሐያስያን ስለዚህ ፊልም የተናገሩትን መመርመር፣ ከዚያም የተናገሩትን ከአሶሳና ከጉባ ምድር ቆሞ መመዘን የዚህ ንግግር ዓላማ ነው።

የፊልሙ ታሪክ የሚፈጸመው እ.ኤ.አ. በ2154 ነው። ምድር በሕዝብ ብዛት ተጨናንቃ፣ በቆሻሻ ተሸፍናና ተጎሳቁላ የድሆች መኖሪያ ሆናለች። ባለጸጎቹ ከምድር በላይ በሚሽከረከር ግዙፍ ቀለበት ውስጥ፣ በለምለም መስክና በንጹሕ አየር መካከል ይኖራሉ። በየቤታቸው ማናቸውንም ደዌ በጥቂት ቅጽበት የሚፈውስ አልጋ አለ። ማት ዴመን የተጫወተው ማክስ የተባለ ሠራተኛ ሮቦት በሚመረትበት ፋብሪካ ተቀጥሮ ይሠራል፤ እጆቹ ከሚያመርቷቸው ሮቦቶች ዓይነት የሆኑት የፖሊስ ሮቦቶች ራሱን መንገድ ላይ ይደበድቡታል። አንድ ቀን በሥራው ላይ ሳለ ገዳይ ጨረር ይመታውና ለመኖር የቀረው አምስት ቀን ብቻ እንደ ሆነ ይነገረዋል። ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ወደ ቀለበቱ ለመድረስ የሚደረግ ትግል ነው።

ዳይሬክተሩ ኒል ብሎምካምፕ በደቡብ አፍሪካ፣ በጆሐንስበርግ ከተማ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 የተወለደ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ያቀረበው «ዲስትሪክት 9» ለአራት የኦስካር ሽልማቶች ስለ ታጨ፣ ሁለተኛው ሥራው በታላቅ ተስፋ ተጠብቆ ነበር። የምድሩን ትዕይንት ያነሣው በሜክሲኮ ከተማ፣ በእውነተኛ የቆሻሻ መጣያ ስፍራ ጭምር ሲሆን፣ የባለጸጎቹን መኖሪያ ያነሣው በካናዳ በቫንኩቨር ነው። ፊልሙ የሚናገረው ስለ ሩቁ ዘመን ሳይሆን ስለ ዛሬው ዓለም መሆኑንም ለጋዜጠኞች አስረድቷል። ድህነቱን ለማሳየት ምናብ አላስፈለገውም፤ ካሜራውን ማቆም በቂ ነበር።

የሐያስያኑ ፍርድ የተከፋፈለ ሆነ። በአንድ ነገር ግን አብዛኞቹ ተስማሙ፤ ይኸውም የፊልሙ ዓለም ለዓይን እውነት መስሎ መታየቱ ነው። ማሽኖቹ ያረጁ፣ ቀለማቸው የተላጠ፣ በአገልግሎት ብዛት የተፋፋቁ ስለ ሆኑ፣ ተመልካቹ የሰው እጅ የነካቸው መሆናቸውን ያምናል። ወደ ጽሑፉ ሲመጡ ግን ወቀሳው በረታ። ፊልሙ በታላቅ ጥያቄ ተጀምሮ በቡጢና በጥይት ያልቃል፤ የቀለበቱ ነዋሪዎች ውብ ልብስ ከመልበስ በቀር ምን እንደሚያስቡ አይታወቅም፤ የጆዲ ፎስተር ባለሥልጣን ሰው ሳትሆን የክፋት ምልክት ናት ተባለ። በፖለቲካው ረገድም ወቀሳው ከሁለት ወገን መጣ። አንዳንዶች የግራ ክንፍ ስብከት ነው ሲሉ፣ ሌሎች ደግሞ የሕዝብን ጭቆና በአንድ ጀግና መሥዋዕትነት የሚፈታ አድርጎ አቃልሎታል አሉ። ብሎምካምፕ ራሱ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሐሳቡ መልካም ሆኖ ሳለ ጽሑፉ እንዳልበሰለ በግልጽ አምኗል።

ስለ ቀለበቱም የቴክኒክ ትችት አልጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1975 በአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ድጋፍ በስታንፎርድ የተካሄደ ጥናት 10,000 ሰው የሚኖርበት፣ ስፋቱ 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በደቂቃ አንድ ጊዜ በመሽከርከር የምድርን ያህል የስበት ስሜት የሚፈጥር ቀለበት ነድፎ ነበር። የፊልሙ ቀለበት የዚህ ንድፍ ዘመድ ነው። ልዩነቱ የስታንፎርዱ ክዳን ሲኖረው የፊልሙ ወደ ላይ ክፍት መሆኑ ነው። የአየር ግፊት በግማሽ ለመቀነስ አምስት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል ወደ ላይ መውጣትን ስለሚጠይቅ፣ በአጭር ግድግዳ የተከበበ አየር ወደ ባዶው ጠፈር ያመልጣል። ይህ ስሕተት ቢሆንም የፊልሙን ጥያቄ አያፈርሰውም። ከክዳኑ ይልቅ የሚከብደው ጉድለት በመጨረሻው ላይ የሚታየው ነው።

በመጨረሻው ላይ ማክስ ሕይወቱን ከፍሎ የቀለበቱን ኮምፒዩተር መመሪያ ያስለውጣል። በቅጽበት የምድር ሰው ሁሉ ዜጋ ተብሎ ይመዘገባል፤ መርከቦችም ፈዋሾቹን አልጋዎች ጭነው ወደ ምድር ይወርዳሉ። ሐያስያኑ ይህን ፍጻሜ የዋህ ነው ሲሉት፣ መሐንዲሱ ደግሞ የየዋህነቱን ልክ ሊያሰላው ይችላል። አልጋዎቹ ስንት ናቸው? የሚሠሩበት ኀይል ከየት ይመጣል? አንዱ ሲበላሽ መለዋወጫውን ማን ያቀርባል? ማንስ ይጠግነዋል? የሰዎች እኩልነት በመዝገብ ላይ መጻፉ ታላቅ ነገር ነው፤ ነገር ግን መዝገብ ትራንስፎርመር አይተክልም።

ይህ ዓይነቱ ክርክር አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1927 ፍሪትዝ ላንግ በጀርመን ያወጣው «ሜትሮፖሊስ» ባለጸጎቹን በከፍተኛ ሕንጻዎች ላይ፣ ሠራተኞቹን ከመሬት በታች አኑሮ ነበር። እንግሊዛዊው ደራሲ ኤች. ጂ. ዌልስ በዚያው ዓመት በኒውዮርክ ታይምስ ጋዜጣ ላይ ፊልሙን ክፉኛ ነቀፈው። ከነቀፋው ዋነኛው ከተማ በእውነቱ የሚያድገው ወደ ጎን እንጂ ሀብታምን ከላይ፣ ድሀን ከታች እያነባበረ አይደለም የሚል ነበር። ማሽን የሰውን ልፋት ለማቅለል የተሠራ ሆኖ ሳለ፣ ሠራተኞቹ የማሽን ባሮች ሆነው መታየታቸውም አልተዋጠለትም። ዌልስ ስለ ከተማ ቅርጽ የተናገረው እውነት ነበረበት፤ ነገር ግን ፊልሙ ዛሬም ሲታይና ሲጠና ይኖራል። ምክንያቱም «ላይ» እና «ታች» የካርታ ቦታዎች ብቻ ሳይሆኑ የሰው ልጅ ስለ ፍትሕ የሚያስብባቸው ቃላት ናቸው።

በኢትዮጵያም ተመሳሳይ ምስል በፊልም ታይቷል። ስፔናዊው ሚጌል ሊያንሶ ኢትዮጵያ ውስጥ ሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2015 ያቀረበው «ክረምብስ» የተባለው ፊልም፣ ትርጉሙም «ፍርፋሪ» ማለት ነው፣ ዓለም ከጠፋች በኋላ ያለውን ዘመን ይተርካል። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ በተጫወቱበት በዚህ ሥራ አንድ ግዙፍ መርከብ ለረጅም ዘመን ሳይንቀሳቀስ ሰማይ ላይ ተንጠልጥሎ ይታያል። ከታች ያሉት ሰዎች ደግሞ ካለፈው ዘመን የተረፉ የፕላስቲክ መጫወቻዎችንና ርካሽ ሸቀጦችን እንደ ቅዱስ ዕቃ ያከብራሉ። «ኤሊዝየም» ድሆች ወደ ላይ እንዳይወጡ የሚከለክለውን ዘበኛ ሲያሳይ፣ «ክረምብስ» ከላይ የሚወርደው ፍርፋሪ ብቻ ሲሆን የሰው ምኞት ምን እንደሚመስል ያሳያል። በሁለቱም ፊልሞች ታላቁ ማሽን ለዓይን የቀረበ፣ ለእጅ የራቀ ነው።

እንግዲህ ከፊልሙ ወደ ምድሩ እንመለስ ቢባል፣ ከቤኒሻንጉል ጉሙዝ የተሻለ መመዘኛ አይገኝም። በርታ፣ ጉሙዝ፣ ሺናሻ፣ ማኦና ኮሞ ነባር ሕዝቦቹ የሆኑበት ይህ ክልል የሀገሪቱን ታላቅ የምሕንድስና ሥራ በጉባ ተሸክሟል። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ የተጣለው የታላቁ ኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብ የካቲት 13 ቀን 2014 ዓ.ም. ኀይል ማመንጨት ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። 145 ሜትር ከፍታ፣ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም፣ ንጋት በተባለው ሐይቁም 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ የሚይዝ ነው። ሕዝብ ከደሞዙ ቀንሶ ቦንድ በመግዛት ጭምር ያዋጣበት መሆኑ ከፊልሙ ቀለበት ፈጽሞ ይለየዋል፤ ጥቂቶች ለራሳቸው የሠሩት ሳይሆን ብዙዎች ለሁሉም ያዋጡበት ነውና።

ሆኖም በዚህ ሥራ ውስጥ የፊልሙ ሐያስያን ያልጠየቁት አንድ ጥያቄ አለ። ከጉባ የሚነሣው ኀይል ወደ መሀል አገር የሚጓዘው በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ነው። ቮልቱ ከፍ ያለበት ምክንያት በሙያው ላሉ ሁሉ የታወቀ ነው፤ በሽቦ ላይ የሚባክነው ኀይል የሚጨምረው በኤሌክትሪክ ፍሰቱ ካሬ ልክ ስለ ሆነ፣ ቮልቱ ሲጨምር ፍሰቱና ብክነቱ ይቀንሳሉ። ነገር ግን ይኸው ትክክለኛ ስሌት ሌላ ውጤት አለው። ከመስመሩ ሥር ያለ መንደር ከዚያ ሽቦ አንዲት አምፖል እንኳ ሊያበራ አይችልም። ኀይሉን ደረጃ በደረጃ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት፣ በመጨረሻም ወደ 380 እና 220 ቮልት የሚያወርዱ ጣቢያዎች፣ ምሰሶዎችና ትራንስፎርመሮች ያስፈልጋሉ። እነዚህም ጥቂት ጎጆ ተራርቆ በተሠራበት ቆላ ሲተከሉ ለእያንዳንዱ ቤት የሚደርሰው ወጪ ከከተማው እጅግ ይበልጣል።

ስለዚህ ሌሊት ከምሰሶው ሥር በኩራዝ የሚያመሽ ቤተሰብ ቢኖር፣ ክፉ ባለሥልጣን ስለ ፈረደበት ላይሆን ይችላል። ማንም ሰው ሳይከፋ፣ እያንዳንዱ ስሌት ትክክል ሆኖ፣ የሥራዎቹ ቅደም ተከተል ብቻ «ላይ» እና «ታች» ሊፈጥር ይችላል። «ኤሊዝየም» ያላየው እውነት ይህ ነው። ፊልሙ ልዩነትን የሚጠብቅ ጨካኝ ሰው ፈልጎ አገኘ፤ ጨካኝ ሰው ሳይኖር ልዩነት እንዴት እንደሚኖር ግን አላሳየም።

የቁጥሩም ምስክርነት ቀላል አይደለም። በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ የወጣው ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ተደራሽነት ፕሮግራም እ.ኤ.አ. እስከ 2025 ድረስ 65 ከመቶውን ሕዝብ በዋናው መረብ፣ 35 ከመቶውን ደግሞ በፀሐይና በመሳሰሉት ከመረብ ውጭ ባሉ ዘዴዎች ለመድረስ ዐቅዶ ነበር። ግድቡ በተመረቀበት በዚያው ዓመት ግን ግማሽ የሚጠጋው የሀገሪቱ ሕዝብ ገና መብራት አልደረሰውም ነበር። ማመንጨትና ማዳረስ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ የለም።

ክልሉ ከዚህም በፊት ትምህርት ሰጥቷል። በ1970ዎቹ አጋማሽ የደረሰውን ድርቅ ተከትሎ በመተከል የተጀመረው የጣና በለስ ፕሮጀክት ከጣሊያን በመጣ ገንዘብና መሣሪያ ደን መንጥሮ፣ መንገድና ሆስፒታል ሠርቶ፣ ከድርቅ የሸሹትን በፓዌ አሰፈረ። የጉሙዝ ሕዝብ ግን ሲያድንበትና ሲያርስበት የኖረውን መሬት ለቀቀ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ ፕሮጀክቱ ተቋረጠ። መሣሪያው መጥቶ ነበር፤ መሣሪያውን የራሱ አድርጎ የሚያኖረው ሥርዓት ግን አብሮ አልተተከለም። ዛሬም ለንጋት ሐይቅ ሲሉ ከአባይ ዳር የተነሡት የጉባ ነዋሪዎች ከማንም በፊት ሊታሰቡ የሚገባቸው ከዚህ የተነሣ ነው።

ስለ ድንበርም እንዲሁ። ፊልሙ ወደ ቀለበቱ የሚገሰግሱትን የስደተኞች መርከቦች በሚሳይል ሲያስመታ ብዙ ተጽፎበታል። በአሶሳ ዞን ግን ሸርቆሌ እ.ኤ.አ. ከ1997፣ ባምባሲም ከ2012 ጀምሮ ስደተኞችን አስጠግተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2023 በሱዳን ጦርነት ሲነሣም የሸሹ ቤተሰቦች በኩርሙክ በኩል ገብተዋል። እዚህ በር የከፈተው ባለጸጋ አይደለም፤ ራሱ ውኃና መብራት የሚያሻው ሕዝብ ነው። ይህንን የሆሊውድ ጸሐፊዎች ቢያውቁት ኖሮ የድሀውን ሕይወት ወደ ላይ በማንጋጠጥ ብቻ ባልሳሉት ነበር።

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦች፤

የሐያስያኑ ፍርድ ሲጠቃለል «ኤሊዝየም» በመልኩ ብርቱ፣ በመፍትሔው ደካማ ፊልም ነው። ድካሙም የመሐንዲሱን ሥራ በአንድ ቁልፍ መተካቱ ነው። እውነተኛው ሥራ ብዙ ትንንሽ ውሳኔዎችን ያቀፈ ነው፤ የማመንጫው ንድፍ ሲጸድቅ የማከፋፈያውም አብሮ እንዲጸድቅ ማድረግ፣ ከመስመሩ ሥር ያሉትን መንደሮች በቀጣዩ ምዕራፍ ሳይሆን በመጀመሪያው የዋጋ ዝርዝር ውስጥ መጻፍ፣ መረቡ ለማይደርስበት ስፍራ የፀሐይ ኀይልን ከነጠጋኙ ማቅረብ፣ የአካባቢውን ወጣት ለዘበኝነት ብቻ ሳይሆን ለቴክኒሻንነት ማሠልጠን። ከእነዚህ አንዱም ለፊልም የሚሆን ትዕይንት የለውም። ይሁን እንጂ በጉባ ቆላ አንዲት ልጅ በምሽት ደብተሯን ገልጣ የምታነበው ወይም ሳታነብ የምትቀረው በእነዚህ ውሳኔዎች ነው። ግድቡ ቆሟል፤ ቀሪው ሥራ ኀይሉን ወደ ታች ማውረድ ነው።