የጉበት ትል እጭ በአንኮበር ተዳፋት



አንኮበር በሁለት የአየር ጠባይ መካከል የቆመች ናት። በስተምዕራብ ብርዳማው የደብረ ብርሃን ደጋ ይዘረጋል፤ በስተምሥራቅ ተዳፋቱ በአልዩ አምባ በኩል ወደ አዋሽ ሸለቆ ይወርዳል። የጉበት ትል በላይም በታችም ከብቱንና በጉን ይገድላል፤ የእጩ አስተዳደግ ግን በሁለቱ ሥፍራ አንድ አይደለም።

ትሉ በጉበት ውስጥ ሳለ ብርድም ድርቅም አይነካውም። ዕንቁላሉ ከበጠጥ ጋር ከወጣ በኋላ ግን ዕጣው በሜዳው እጅ ይወድቃል። ሙቀቱ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ሲሆን እጩ አያድግም፤ ቀን ይጠብቃል እንጂ። ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሲያገኝ በ9 ቀን ያህል ይፈለፈላል። የተፈለፈለውም በጥቂት ሰዓት ውስጥ ቀንድ አውጣ ካላገኘ ከንቱ ይቀራል። ካገኘ ግን በቀንድ አውጣው ሥጋ ውስጥ ይራባል፤ አንዱ ብዙ መቶ ይሆናል። ሙቀቱ ሲስማማው ይህ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይፈጃል፤ በብርድ ጊዜ ይረዝማል። ከዚያ ወጥቶ በሣር ላይ ይለጠፋል፤ ሽፋን ለብሶም ይቆያል። እርጥበት ካልተለየው ለወራት ይኖራል፤ ፀሐይና ድርቅ ግን ይፈጁታል።

ቀንድ አውጣውም የየአገሩ ነው። ደጋ የሚስማማው ፋሲዮላ ሄፓቲካ በጨፌ ጭቃ ላይ በምትኖረው ትንሽ ቀንድ አውጣ ያድጋል፤ እርስዋም በበጋ በደረቀ ጭቃ ውስጥ ተደብቃ ዝናብ ትጠብቃለች። የቆላው ፋሲዮላ ጂጋንቲካ ግን ውኃ የማይለየው ኩሬና ቦይ ይሻል።

እንግዲህ ለክረምት ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ የመድኃኒት ሰሌዳ ለአንኮበር እንዴት ይበቃል? አገሩ በልግም ያገኛል፤ በበልጉ ጨፌው ዳግመኛ ይረጥባል፣ ቀንድ አውጣዋም ትነሣለች። ሰሌዳው ከደጋው ብርድና ከሁለቱ ዝናቦች ጋር ተመዛዝኖ ካልወጣ መድኃኒቱ ያለጊዜው ይሰጣል።

ከዚህ የከፋ ስሕተት ደግሞ አለ። ትሉ በበጉ ውስጥ ዕንቁላል ለመጣል ከ10 እስከ 12 ሳምንት ይፈልጋል። ጉበቱን እየበሳ የሚጓዘው ግን ገና ለጋ ሳለ ነው። ስለዚህ በጉ እየሞተ ሳለ የበጠጡ ምርመራ ንጹሕ ሊመስል ይችላል፤ ጉበቱን ከፍቶ ማየት ይሻላል። አልቤንዳዞል የሚገድለው የጎለመሰውን ነው፤ ለጋውንም የሚያጠፋው ትሪክላቤንዳዞል ነው።

ጨፌውን አጥሩት ብሎ መምከር ቀላል ነው። በጥር ወር ግን ለበጉ ለምለም ሣር የሚገኘው እዚያው ጨፌ ላይ ነው፤ ገበሬውም ይህን አሳምሮ ያውቃል።