ብሬስ የምታስረው ልጅ ናት፤ የሚሸከመው ቤተሰብ ነው

(በወርሃዊ የቡና ስብሰባችን ላይ፣ ልጆቻቸው ብሬስ ያሰሩ አራት አባላት ያቀረቡት ንግግር)



ባለፈው ስብሰባ አንዲት አባላችን ለልጇ ብሬስ ማሰሪያ ከቁጠባችን ብድር ስትጠይቅ ቤቱ ለሁለት ተከፈለ። «ብድሩ ለንግድና ለሕክምና ነው፤ ይሄ ቅንጦት ነው» ያላችሁ ነበራችሁ። እኛ ዛሬ የቆምነው ልንከራከር ሳይሆን በቤታችን ያየነውን ልንነግራችሁ ነው።

ለጥርስ መልክ መታመም በእኛ አልተጀመረም። ከእናቶቻችን ብዙዎቹ ድዳቸውን በመርፌ ተነቅሰዋል። ፍንጭቷን እናሞግሳለን፤ ገጣጣ ያልናት ልጅ ግን አፏን በነጠላ ሸፍና ትስቃለች። ደግሞም ነገሩ መልክ ብቻ አይደለም። ተደራርበው የበቀሉ ጥርሶች ለማጽዳት ያስቸግራሉ፣ ምግብ ይሸሸግባቸዋል።

ብሬስ ሥራው ዝግ ያለ ነው። ሽቦው ጥርሱን በጥቂት በጥቂቱ ሲገፋው፣ አጥንቱ በሚገፋበት ወገን ይሟሟል፣ በሚለቀው ወገን አዲስ ይተካል። ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ዓመት ተኩል እስከ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። በየ4 እስከ 8 ሳምንቱ ክትትል አለ። ሽቦው በተጠበቀ ቁጥር ሁለት ሦስት ቀን ያማል፤ ያኔ ምግባቸው ሽሮ ፍትፍት፣ ገንፎና አጥሚት ነው።

ቡና ሲፈላ ቆሎው ሲዞር ልጆቻችን እጃቸውን ሰብስበው ይቀመጣሉ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ፈንዲሻ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ አጥንት መጋጥ ቀርቷል፤ ጥርሱ ላይ የተለጠፈችው ብረት ትነቀላለችና። በጾም ጎመኑ ሽቦው ላይ ይጠመጠማል፤ በረመዳን ተምሩ ይጣበቃል። እንግድነት ስንሄድ «ምነው አትቀምሺም?» ተብላ ልጅቷ እንዳትሸማቀቅ ቀድመን እኛው እንናገራለን።

መፋቂያ ከሽቦው ሥር አይደርስም። በለስላሳ ብሩሽ፣ ምግብ በበሉ ቁጥር መቦረሽ አለባቸው። ካልሆነ ብሬሱ ሲወልቅ ጥርሱ ላይ ነጭ ነጭ ጠባሳ ይቀራል። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈራችን ለዚሁ ብቻ አንድ ሃይላንድ ውሃ ለይተን እናስቀምጣለን።

አሁን ወደ ስህተታችን እንምጣ። ከአራታችን አንዷ የማሰሪያውን ዋጋ በእቁብ ከፈለች። የክትትሉ ክፍያ ለብቻ መሆኑን የነገራት የለም፤ እሷም አልጠየቀችም። ገንዘቡ አልደርስ ሲል ሦስት ወር ቀረች። የሽቦው ጫፍ ወጥቶ የልጅቷን ጉንጭ ወጋው። ልጅቷ ትምህርት ቤት መሄድ ጠላች፤ «ይውለቅልኝ» እያለች ታለቅስ ነበር። ቢወልቅ የወጣው ገንዘብና የታመመችው ሕመም ከንቱ ሊቀር ነው። ሦስታችን አዋጥተን ወደ ሐኪሙ መለስናት። ለመንገድ ደግሞ ሽቦ ሲወጋ የሚለጠፍ ሰም ከሐኪሙ መቀበልና ለብ ባለ የጨው ውሃ መጉመጥመጥን ተማርን።

ስለዚህ ሐሳባችን ይሄ ነው። ብድሩ አይከልከል፤ ለግማሽ መንገድም አይሰጥ። ጠያቂዋ አስቀድማ የጥርስ ማስተካከል ስፔሻሊስት ታማክር፤ ለልጇ የግድ ያስፈልግ እንደሆነም ትጠይቅ። ከዚያ ሙሉውን ዋጋ በጽሑፍ ታምጣ፦ ማሰሪያው፣ ክትትሉ፣ ብረቷ ስትነቀል የሚከፈለው፣ ብሬሱ ከወለቀ በኋላ ጥርሱ እንዳይመለስ የሚደረገው ሪቴይነር። ከአየር ጤና ሜክሲኮ የምትመላለስበት የታክሲ ሒሳብም ይደመርበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቀላል አይደለም። ድምሩ ከአቅሟ በላይ ከሆነ ከመጀመር መቆየት ይሻላል። ሃያ ዓመት ያለፋትም ብታስር ጥርስ ይስተካከላል።

ውሳኔው የእናንተ ነው። ያቺ ልጅ ግን ዛሬ እዚህ ቡናውን እየቀዳች ነው። ብሬሷ ገና አልወለቀም። ስትስቅ ነጠላዋን ወደ አፏ እንደማትወስድ ልብ ብላችሁ እንደሆነ እንጃ።