ቤትን በጤና ዘመን ስለ ማሰናዳት



ለልጁ ሰርግ ዓመት ሙሉ የሚዘጋጅ፣ ለክረምቱ ቀለብ በበጋ የሚያስብ አስተዋይ ሰው፣ ከእርሱ በኋላ ለሚቀሩት ለሚስቱና ለልጆቹ የሚሆነውን የፈቃዱን ቃል ግን እስከ መጨረሻይቱ ሰዓት ሲያቆየው ማየት እጅግ ያሳዝናል። ስለ ኑዛዜ ማሰብ ሞትን መጥራት የሚመስለው ብዙ ነውና።

የአበው አለቃ አብርሃም ግን እንዲህ አላደረገም። ኦሪት ዘፍጥረት እንደሚተርክልን፣ ሀብቱን ሁሉ ለይስሐቅ አወረሰ፤ ከቁባቶቹ ለተወለዱት ልጆቹም እርሱ ገና በሕይወተ ሥጋ ሳለ ስጦታ ሰጥቶ ወደ ምሥራቅ አገር ሰደዳቸው። ለእያንዳንዱ ድርሻውን በገዛ አንደበቱ ስለ ለየ፣ ከዕለተ ሞቱ በኋላ ፈቃዱን በግምት የሚተረጉምለት ሌላ ሰው አላስፈለገውም።

በአገራችን ሕመምተኛው ሲጠናበት የነፍስ አባቱና ሽማግሎች በአልጋው ዙሪያ ተሰብስበው ቃሉን መቀበላቸው፣ የሰሙትንም እንደ አደራ መጠበቃቸው ከጥንት የቆየ የተከበረ ልማድ ነው። ሆኖም በ1952 ዓ.ም. የታወጀው፣ እስከ ዛሬም በውርስ ጉዳይ የሚሠራበት የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ ለቃል ኑዛዜ የተወለት ስፍራ እጅግ ጠባብ መሆኑን ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ሞቱ እንደ ቀረበ የተሰማው ሰው ለሁለት ምስክሮች በቃሉ ሊናዘዝ የሚችለው ስለ ቀብሩ ሥርዓት፣ አካለ መጠን ላላደረሱ ልጆቹ ስለሚሆን ሞግዚትና አሳዳሪ፣ እያንዳንዱም ከ500 ብር ስለማይበልጥ ስጦታ ብቻ ነው። ቤቱን ለእገሌ ሰጥቻለሁ ቢል፣ ሰሚዎቹ ምንም ያህል እውነተኞች ቢሆኑ፣ ቃሉ በሕግ ፊት አይጸናም። ተፈውሶ ሦስት ወር ቢቆይም ያ ቃል ይሻራል።

እንግዲህ የሚጸናው ኑዛዜ የተጻፈው ነው፤ ጽሕፈቱም ሁለት መንገድ አለው። አንደኛው፣ ተናዛዡ ራሱ ወይም እርሱ እየነገረው ሌላ ሰው የሚጽፈው፣ በተናዛዡና በአራት ምስክሮች ፊት ተነብቦ ሁሉም ወዲያው የሚፈርሙበት፣ መነበቡም ቀኑም በጽሑፉ ውስጥ የሚገለጽበት በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ ነው፤ ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም የውል አዋዋይ ሲሆን ሁለት ምስክሮች ይበቃሉ። ሁለተኛው፣ ተናዛዡ ኑዛዜ መሆኑን ገልጾ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በገዛ እጁ የሚጽፈው፣ በየገጹም ቀን ጽፎ የሚፈርምበት ነው፤ ይህ ግን በሰባት ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም በፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካልተቀመጠ ዋጋውን ያጣል። ባልና ሚስትም በአንድ ወረቀት አብረው መናዘዛቸው፣ ምንም ከፍቅር የመነጨ ቢሆን፣ ሁለቱንም ኑዛዜዎች ያፈርሳልና፣ እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይጻፉ።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትሉልኝ ወደምሻው ነገር እመጣለሁ። ኑዛዜ ሳይኖር አንድ ሰው ቢያርፍ፣ ሕጉ መጀመሪያ የሚጠራው ልጆቹን ነው፤ ልጆች ከሌሉ ወላጆቹን። ሚስት በጋብቻ ዘመን ከፈራው የጋራ ሀብት እኩሌታው የራሷ ነው፤ ከሟቹ የግል ንብረት ግን በሕግ ወራሽነት የምትጠራበት መንገድ የለም፤ ሚስቱ ቀድማው ያረፈችበት ባልም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ባል ከጋብቻው በፊት ባፈራው ቤት ውስጥ ሠላሳ ዘመን የኖረች፣ ያስታመመችና ዐይኖቹን የከደነች ሚስት፣ ስሟን የሚያነሣ አንድ ኑዛዜ ባለመኖሩ ብቻ ከዚያው ቤት ልትወጣ ትችላለች። ይህን የሚከለክለው የባሏ ፍቅር ሳይሆን፣ ፍቅሩን በሥርዓት የጻፈበት ወረቀት ነው።

በባሕር ማዶ የምትኖሩና ለወንድም ወይም ለእናት ውክልና ልካችሁ ልባችሁ የረጋ ወገኖቻችንም ይህን ዕወቁ፦ ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር ውክልና ከወካዩ ሞት ጋር ያልፋል፤ በሕይወት ሳላችሁም ቢሆን ጠቅላላ ውክልና ቤት ለመሸጥ አይበቃም፣ ልዩ ውክልና ያስፈልጋልና። ውክልና የኑዛዜን ሥራ ሊሠራ አይችልም።

አድማጮቼ ሆይ፣ ኑዛዜ በፈለጉ ጊዜ የሚለውጡት፣ የሚሽሩትም የራስ ፈቃድ ነው፤ የጻፈው ሰው ከጻፈ በኋላም የንብረቱ ጌታ ሆኖ ይኖራል። ስለዚህ ልቡናችሁ ብሩህ፣ እጃችሁም ብርቱ ሳለ፣ ከትዳር ጓደኞቻችሁ ጋር ተቀምጣችሁ የግሉንና የጋራውን ለዩ፤ የታመኑ ምስክሮችን ምረጡ፤ ሕግ ከሚያውቅ ሰው ጋር ተማክራችሁም ጻፉ። ለልጆቻችሁ ሀብት ከማውረስ አስቀድሞ፣ በሀብቱ ምክንያት ወንድም ወንድሙን የማይከስበትን ሰላም አውርሷቸው።