ሥራችሁ ቀድሟችሁ ይግባ

ውድ የተፈጥሮና ቀመር ሳይንስ ኮሌጅ ተመራቂዎች፣ 

ዛሬ ላነሳላችሁ የመረጥሁት ጉዳይ አንድ ገጽ የማይሞላ ነገር ነው፤ ደብዳቤ። በቅርቡ ብዙዎቻችሁ በሙያችሁ አንቱ ለተባለ ሰው ትጽፋላችሁ። አንዳችሁ የማስተርስ አማካሪ ትፈልጋላችሁ፤ ሌላችሁ ላቦራቶሪ እንዲፈቀድላችሁ ትጠይቃላችሁ፤ ሌላችሁ ደግሞ የምርምር ሐሳብ ታቀርባላችሁ። ያ ሰው አያውቃችሁም። የሚያውቃችሁ በጻፋችሁት ልክ ብቻ ነው።

እ.ኤ.አ. ጁን 4 ቀን 1924 ሳትየንድራ ናት ቦዝ የተባለ የፊዚክስ መምህር፣ ያኔ በእንግሊዝ ቅኝ ግዛት ሥር ከነበረችው ከዳካ ከተማ፣ በርሊን ላለው ለአልበርት አይንስታይን ደብዳቤ ጻፈ። ቦዝ የ30 ዓመት ወጣት ነው። ዶክትሬት የለውም። የሚያስተምርበት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ከጀመረ ገና 3 ዓመቱ ነው። አይንስታይን ደግሞ የኖቤል ተሸላሚና ስሙ በዓለም የናኘ ሊቅ ነበር።

ደብዳቤው አጭር ነው። ቦዝ አንድ ጽሑፍ ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ላከ። ጽሑፉ ምን እንደሚል ወዲያው ተናገረ፤ በፕላንክ የጨረራ ሕግ ውስጥ ያለውን አንድ ቁልፍ መጠን የክላሲካል ኤሌክትሮዳይናሚክስን ድጋፍ ሳይፈልግ ማውጣቱን ገለጸ። ቀጥሎ ጥያቄውን አቀረበ፦ ጽሑፉ ለኅትመት የሚበቃ መስሎ ከታየዎት፣ ሳይትሽሪፍት ፊዩር ፊዚክ በተባለው የጀርመን መጽሔት እንዲወጣ ይርዱኝ። ጽሑፉን ለመተርጎም የሚበቃ ጀርመንኛ እንደሌለውም አልደበቀም። ባንተዋወቅም በጽሑፍዎ አማካይነት ሁላችንም የእርስዎ ተማሪዎች ነን አለ። በመጨረሻም፣ ቀደም ሲል የአንጻራዊነት ጽሑፍዎን ወደ እንግሊዝኛ የመለስሁት እኔ ነኝ ሲል አስታወሰ።

አይንስታይን ጽሑፉን ራሱ ወደ ጀርመንኛ ተረጎመው፤ ትልቅ እርምጃ መሆኑን የሚመሰክር ማስታወሻም አክሎበት በዚያው ዓመት ታተመ። ለቦዝ የላከለት ፖስትካርድም ዩኒቨርሲቲው ወደ አውሮፓ ሄዶ እንዲያጠና እንዲፈቅድለት ረዳው። ከዚያ ጽሑፍ የቦዝ-አይንስታይን ስታቲስቲክስ ተወለደ። ዛሬ ቦዞን የምንላቸው ቅንጣቶች በእሱ ስም ተጠርተዋል። አይንስታይን ሐሳቡን አስፍቶ የተነበየው የቁስ ሁኔታም እ.ኤ.አ. በ1995 በአሜሪካ ኮሎራዶ፣ ቦልደር ከተማ በሚገኝ ላቦራቶሪ በሩቢዲየም አቶሞች ታየ፤ በ2001ም የኖቤል ሽልማት አስገኘ።

ውድ ተመራቂዎች፣ ቦዝ ደጅ አልጠናም። ደጅ የሚጠና ሰው ባለቤቱ እስኪራራለት ይጠብቃል፤ ቦዝ ግን ባለቤቱ ሊያየው የሚወድደውን ነገር ይዞ መጣ። ክብሩንም አላጓደለም፣ ራሱንም አላዋረደም። ዛሬ ልነግራችሁ የፈለግሁት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ነው፦ ለታላቅ ሰው ስትጽፉ ችግራችሁ ሳይሆን ሥራችሁ ቀድሟችሁ ይግባ።

ሁለተኛው ነገር የምትጽፉለት ሰው የጻፈውን ማንበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1913 በሕንድ፣ በማድራስ ወደብ መሥሪያ ቤት የሂሳብ ክፍል ጸሐፊ የነበረው ራማኑጃን ለካምብሪጁ የሒሳብ ሊቅ ለሃርዲ ሲጽፍ፣ ጥቂት ስለ ራሱ ከተናገረ በኋላ ወደ ሃርዲ መጽሐፍ ገጽ 36 ሄደ። እዚህ ላይ እስካሁን አልተገኘም ያሉትን የብቸኛ ቁጥሮች ቀመር እኔ አግኝቻለሁ አለ። ያ ቀመር በኋላ ሲመረመር ጉድለት ተገኝቶበታል። አብረው የተላኩት ሌሎች ውጤቶች ግን ሃርዲን አስደነቁት፤ ራማኑጃንም በ1914 እንግሊዝ ገባ። ልብ በሉ፤ ከሃርዲ በፊት ለሌሎች ሊቃውንት ጽፎ የረባ መልስ አላገኘም ነበር። አንድ በር ካልተከፈተ ጽሑፉን በደንብ ያነበባችሁለትን ሌላ ሰው ፈልጉ።

እኛ ደብዳቤ የለመድነው ከመሥሪያ ቤት ነው። «ከላይ በርዕሱ ለመግለጽ እንደሞከርኩት» ብለን እንጀምራለን፤ «ለሚደረግልኝ ቀና ትብብር ከወዲሁ አመሰግናለሁ» ብለን እንዘጋለን። ይህ ለማመልከቻ ቦታው ነው። በቀን ብዙ ኢሜይል የሚደርሰው ተመራማሪ ግን የመጣችሁበትን ጉዳይ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት መስመሮች ማግኘት አለበት።

እስቲ በጣና ሐይቅ ላይ ስለተንሰራፋው እምቦጭ ያጠናች ተመራቂ እንዴት እንደምትጽፍ እናስብ። «በምርምሩ ዘርፍ ከፍተኛ ፍላጎት ስላለኝ እንዲረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ» ብትል፣ አንባቢው ምን ያድርግ? እንዲህ ብትል ግን፦ «ስለ እምቦጭ ባሳተሙት ጥናት የክረምት ናሙና አላየሁም። እኔ ከሐምሌ እስከ መስከረም በጎርጎራ ዳርቻ የውኃ ናሙና ሰብስቤአለሁ፤ ውጤቱን በአንድ ሰንጠረዥ አያይዣለሁ። የፎስፈረስ መለኪያ መሣሪያ ስላላገኘሁ ያንን አልለካሁም። የናሙና አወሳሰዴ ለንጽጽር ይበቃ እንደሆነ ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።» ይህች ልጅ ሥራዋን አሳይታለች፤ የጎደላትን በግልጽ ተናግራለች፤ የጠየቀችውም በአሥር ደቂቃ ሊመለስ የሚችል አንድ ጥያቄ ነው። ለእንዲህ ያለ ደብዳቤ መልስ መስጠት ይቀልላል። ከመልሱም በኋላ ሌላ ጥያቄ፣ ከዚያም አብሮ መሥራት ሊመጣ ይችላል።

ስለዚህ አንድን ደብዳቤ ስሙን ብቻ እየቀያየራችሁ ለብዙ ሰው አትበትኑ፤ የሚያነበው ያውቀዋል። ያልሠራችሁትን ሠራሁ አትበሉ። መልስ ከዘገየ በትሕትና አንድ ጊዜ አስታውሱ፤ ከዚያ በኋላ ጊዜያችሁን ለሥራው ስጡ።

ክቡራን መምህራንና የየመሥሪያ ቤቱ ኃላፊዎች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። ቦዝ የጻፈው ጥሩ ደብዳቤ ስለሆነ ብቻ አይደለም ታሪክ የሆነው፤ የተቀበለው ሰው ስላነበበው ጭምር ነው። አይንስታይን ያንን ጽሑፍ መተርጎም ግዴታው አልነበረም። በየኢሜይላችሁ ውስጥ ሳይከፈት የቆየ የአንድ ወጣት ሥራ ሊኖር ይችላል። እባካችሁ ክፈቱት። «አይሆንም» የሚል አጭር መልስ እንኳ ከዝምታ ይሻላል፤ ወጣቱ ወደ ሌላ በር እንዲሄድ ያደርገዋል።

ተመራቂዎች፣ ዛሬ ከወላጆቻችሁ ጋር ተደሰቱ፤ ይገባችኋል። የፊታችን ሰኞ ግን የመመረቂያ ጽሑፋችሁን አውጡና ከውስጡ ለሌላ ሰው የሚጠቅመውን አንድ ውጤት ለዩ። ያ ውጤት የሚመለከተውን ሰው ፈልጉ፤ የጻፈውን አንብቡ፤ ከዚያ ጻፉለት። ዲግሪያችሁ ያስተማራችሁን ለሰው የማካፈል መብት ሰጥቷችኋል፤ ተጠቀሙበት።

እግዚአብሔር የእጃችሁን ሥራ ይባርክ። መንገዳችሁ የቀና፣ ሙያችሁ ለአገርና ለወገን የሚተርፍ ይሁን። እንኳን ደስ አላችሁ!