ሌዘር ከብረት ላይ የሚያስነሣው ብርሃንና አነባበቡ



አንድ የማይዝግ ብረት ለብየዳ ሲቀርብ 304 ነው ወይስ 304ኤል ተብሎ መጠየቁ አስፈላጊ ነው። ዋናው ልዩነታቸው በካርቦን ነው፤ በመጀመሪያው እስከ 0.08 በመቶ፣ በሁለተኛው እስከ 0.03 በመቶ ይፈቀዳል። ካርቦኑ ሲበዛ፣ በብየዳው ሙቀት ጊዜ ዝገትን የሚከላከለውን ክሮሚየም ወደ ራሱ ስለሚስብ የብየዳው አካባቢ ለዝገት ይጋለጣል። በእጅ የሚያዘው የኤክስሬይ መመርመሪያ ካርቦንን አይለይም፤ የሌዘር ስፔክትሮስኮፒ ግን ይለያል።

አሠራሩም እንደሚከተለው ነው። ለጥቂት ናኖሴኮንድ የሚቆይ የሌዘር ምት በሌንስ ተሰብስቦ በብረት ገጽ ላይ ሲያርፍ፣ ነጥቡ ተንኖ ከ10,000 ኬልቪን የሚበልጥ ሙቀት ያለው ፕላዝማ ይሆናል። በዚህም ጊዜ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ የሞገድ ርዝመት ያበራል፤ መዳብ በ510.6፣ በ515.3 እና በ521.8 ናኖሜትር፣ ካርቦን ደግሞ ዓይን በማያየው በ193.1 ናኖሜትር። ቴዎዶር ማይማን በ1960 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን ሌዘር ከሠራ ከሁለት ዓመት በኋላ፣ ፍሬድ ብሬክና ሊ ክሮስ በሌዘር ከተነነ ናሙና የተገኘ ስፔክትረም አቅርበዋል።

ይሁን እንጂ ይህ ብርሃን የሚነበብበት ጊዜ አለው። በመጀመሪያ ነጻ ኤሌክትሮኖች የሚያወጡት ወጥ ብርሃን መስመሮቹን ይውጣቸዋል። ስለዚህ መለኪያው ብዙውን ጊዜ አንድ ማይክሮሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ይከፈታል፤ እጅግ ከዘገየ ግን ፕላዝማው ቀዝቅዞ ይጠፋል።

የሁለት የመዳብ መስመሮች ብሩህነት ሲነጻጸር የፕላዝማው ሙቀት ይገኛል፤ የመስመር ስፋት ደግሞ የኤሌክትሮኖችን ብዛት ያመለክታል። ነገር ግን የሙቀቱ አኀዝ ትርጉም የሚኖረው፣ ኤሌክትሮኖችና አቶሞች እርስ በርስ በመጋጨት በየቦታቸው የሙቀት ሚዛን ላይ ሲደርሱ ነው። ለዚህ የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ የኤሌክትሮን ብዛት የማክዊርተር መስፈርት ይወስናል። መስፈርቱ ቢሟላም ፕላዝማው በፍጥነት የሚለዋወጥ በመሆኑ ብቻውን በቂ ማረጋገጫ አይሆንም።

ካርቦንን በተመለከተ ጥንቃቄው ይበልጥ ይጠብቃል። በብረቱ ገጽ ላይ ያለ ዘይትና ቀለም፣ በአየሩም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ራሳቸው ካርቦን አላቸው፤ አየሩም የ193.1 ናኖሜትሩን ብርሃን በከፊል ይውጠዋል። ስለሆነም ገጹ በሚገባ ተሞርዶ ምርመራው በአርጎን ጋዝ ውስጥ ይፈጸማል፤ መሣሪያውም መጠናቸው በታወቀ ናሙናዎች ይፈተሻል። ኩሪዮሲቲ የተባለችው ተሽከርካሪ በ2012 እ.ኤ.አ. ማርስ ላይ ስታርፍ እንኳ፣ ለሌዘር መሣሪያዋ ማመሳከሪያ የሚሆኑ የታወቁ ናሙናዎችን ይዛ ነበር።

እንግዲህ ክቡራን ባልደረቦቼ፣ መሣሪያው የሚያሳየው አኀዝ ብቻውን ፍርድ አይደለም። በምርመራ ወረቀታችን ላይ ከአኀዙ ጋር የመዘግየቱ ጊዜ፣ የጋዙ ዓይነት፣ የገጹ አዘገጃጀትና የማመሳከሪያው ናሙና ውጤት ተመዝግበው ይገኙ። በያጁ እሳቱን የሚለኩሰው ያን ወረቀት አምኖ ነውና።