አምፖሉን ማን ይቀይረዋል?

(በቀድሞ ተማሪዎች ማኅበር የመገናኘት በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው «የጥበቡንም የምህንድስናውንም ሰው የሚያገናኝ ርዕስ አምጣ» ብሎኛል። እኔም የሁለቱም ቤት ሰው ስለነበረው ስለ ቶማስ ዊልፍሬድ ላወራችሁ መጥቻለሁ። ሙያው ሙዚቃ ነበር፤ ስሙን ያስጠራው ግን ብርሃን ነው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ዊልፍሬድ በ1889 ዴንማርክ ውስጥ ተወለደ። ፓሪስ ሄዶ ሙዚቃና ሥዕል ተማረ። እንጀራው ዘፈን ነበር፤ የዑድ ዘመድ የሆነውን ሉት እየመታ የድሮ ዘፈኖችን በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ያቀርብ ነበር። በብርሃን መሥራት የጀመረው ግን ገና በልጅነቱ ነው። በ1905 ኮፐንሃገን ሳለ አንድ የሲጋራ ሳጥን፣ አንዲት ትንሽ አምፖልና ጥቂት ባለቀለም የመስታወት ቁራጮች ይዞ ሙከራ ጀመረ። እንግዲህ የመጀመሪያው ላቦራቶሪው ያ ሳጥን ነበር ማለት ነው።

በ1916 ወደ አሜሪካ ተሻገረ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም «ክላቪሉክስ» ያለውን መሣሪያ ሠራ። ስሙ ቁልፍና ብርሃን ከሚሉ ሁለት የላቲን ቃላት የተገጠመ ነው። ተጫዋቹ ኦርጋን በሚመስል ጠረጴዛ ፊት ተቀምጦ ማንሸራተቻዎቹን ወዲያና ወዲህ ያንቀሳቅሳል። ከኃይለኛ አምፖሎች የሚወጣው ብርሃን በሌንስና በባለቀለም መስታወት አልፎ፣ በሚያንጸባርቁ ነገሮች ላይ ነጥሮ ነጭ መጋረጃ ላይ ያርፋል። የሚታየው ነገር ልክ እንደ ዕጣን ጢስ ይነሳል፣ ይጠመዘዛል፣ ቀለሙን ይለውጣል፣ ይጠፋል። በጥር 1922 ኒውዮርክ ላይ ለሕዝብ አሳየው።

የሚገርመው ምን መሰላችሁ? ሰውዬው ሙዚቀኛ ሆኖ ሳለ ትርኢቱ ድምፅ አልነበረውም። ከእሱ በፊት የነበሩት ብዙዎቹ ቀለምን ከኖታ ጋር ለማጋባት ይደክሙ ነበር፤ የሩሲያው ደራሲ ስክሪያቢን ለምሳሌ በአንድ የኦርኬስትራ ሥራው ውስጥ ለብርሃን የራሱን መስመር ጽፎለታል። ዊልፍሬድም በ1926 ከፊላደልፊያ ኦርኬስትራ ጋር አብሮ ሠርቷል። አቋሙ ግን ግልጽ ነበር፦ ብርሃን የራሱ ቅርጽ፣ ቀለምና እንቅስቃሴ ስላለው ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ይህን ጥበብ «ሉሚያ» አለው። በ1952 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ሥራውን ከጃክሰን ፖሎክና ከማርክ ሮትኮ ሥዕሎች ጋር በአንድ ዐውደ ርዕይ አቅርቦታል።

ኋላ ላይ ያለ ተጫዋች በራሳቸው የሚሠሩ ማሽኖችን ወደ መገጣጠም አዘነበለ። ለዚያው ሙዚየም የሠራው «ሉሚያ ስዊት» የተባለው ሥራ ሙሉ ዑደቱን ለመጨረስ 9 ዓመት ከ127 ቀን ከ18 ሰዓት ይፈጅበታል። አንድ ሰው «ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ልየው» ብሎ ወንበር ስቦ ቢቀመጥ፣ ልጁን አንደኛ ክፍል አስገብቶ የመጣ ከሆነ አሥረኛ ክፍል ገብቶ ነው የሚያገኘው!

አሁን ወደ ጉዳያችን ልምጣ። ሥዕል ግድግዳ ላይ ብትተዉት አቧራ ይጠጣል እንጂ ሥዕልነቱ አይቀርም። ሉሚያ እንደዚያ አይደለም። አምፖሉ ከተቃጠለ፣ ሞተሩ ከቆመ፣ የቀረው ሳጥን ብቻ ነው። ፎቶ ቢያነሱትም እንቅስቃሴው አይያዝም። «ማንኛውም አምፖል ይሠራል» ብሎ ሌላ መክተትም አያዋጣም፤ የአምፖሉ ክር ቅርጽ ሲለወጥ መጋረጃው ላይ የሚወርደው ምስልም ይለወጣልና። ዊልፍሬድ በ1968 ሲሞት ይህን ሁሉ የሚያውቁት እጆች አብረውት ሄዱ። ሥራዎቹም ለረጅም ዓመታት ከሕዝብ ዓይን ራቁ።

ታዲያ እንዴት ተመለሱ? አንደኛ፣ ወረቀቶቹ አልጠፉም፤ በየል ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ሁለተኛ፣ ማሽኖቹን ሰብስበው፣ ፈተው፣ ጠግነው ያቆዩ ሰዎች ነበሩ፤ ከእነሱም አንዱ ሙያው ሥነ ፈለክ ነው። በ2017 የየል የሥነ ጥበብ ሙዚየም ትልቅ ዐውደ ርዕይ ሲያዘጋጅ የጥበብ ታሪክ አጥኚውና የጥገና ባለሙያው አብረው መሥራት ነበረባቸው። «ሉሚያ ስዊት»ም ተጠግኖ እንደገና በራ።

ይህ ከእኛ ግቢ ጋር ምን ያገናኘዋል የሚል አይጠፋም። እስቲ የየራሳችሁን ዲፓርትመንት አስቡ። ሸራ ለብሶ ጥግ የቆመ ማሽን የሌለው ማነው? ደግሞም በየቤቱ «እሱ ካልመጣ አይነሳም» የሚባልለት ቴክኒሻን አለ። ቺንጋው መቼ እንደሚላላ በድምፁ ያውቃል፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ የትኛው መሣሪያ ቀድሞ መጥፋት እንዳለበት ያውቃል። ይህ እውቀት የትም አልተጻፈም። ጡረታ ሲወጣ ሽኝት እናደርግለታለን፣ ጋቢ እናለብሰዋለን፣ ፎቶ እንነሳለን። በማግስቱ ማሽኑ ይቆማል።

«አዲስ ይገዛ» የሚል ይኖራል። ይገዛ! ግን አዲሱም አብሮት የሚመጣው መመሪያ የእኛን አቧራና የእኛን መብራት አያውቅም። ያንን የሚያውቀው እዚሁ የኖረው ሰው ነው።

ስለዚህ ማኅበራችንን የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። በየዲፓርትመንቱ አንድ የቀድሞ ተማሪ ይመደብ። ቴክኒሻኖቻችን ጡረታ ሳይወጡ ከጎናቸው ይቀመጥ፤ በስልኩ ይቅረጽ፣ ይጻፍ፣ የተጻፈውን እነሱው ያርሙት። ጽሑፉ አንድ ቅጂ ማሽኑ አጠገብ፣ ሌላው ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፤ የባለሙያው ስምም ከላይ ይስፈርበት። መምህራኖቻችን ደግሞ ይህን ሥራ ለተማሪዎች እንደ ተግባር ልምምድ ቢቆጥሩልን ነገሩ በዓመት ውስጥ መልክ ይይዛል።

ዘንድሮ ጡረታ የሚወጡ ቴክኒሻኖች አሉን። ከእነሱ እንጀምር። የመመዝገቢያው ደብተር መውጫው በር ላይ ነው፤ ምሳ ከመግባታችሁ በፊት ስማችሁን አስፍሩልኝ።